የታሰረው ጫፍ

ሁለቱ ሲዋደዱ አንዳቸው የሌላውን ዘር አልጠየቁም። መጠየቅ ነበረባቸው የሚል ይኖር ይሆናል። ግን የእንግዳ ማረፊያውን የተበላሸ በር ሊሠራ የመጣ አናጢ፣ በሩ አጠገብ ቆማ «በሩ ምንም አልሆነም፣ ማጠፊያው ዘይት አጥቶ ነው» እያለች ከምትከራከረው እንግዳ ጋር በምን ወግ ስለ አያት ያወራል? ያወሩት ስለ ዘይት ነው። ከዘይቱ ወደ ሻይ፣ ከሻዩ ወደ ወንዝ ዳር መንሸራሸር ተሻገሩ። ውሃ ሲወስድ እያሳሳቀ ነው የሚባለው ለእንዲህ ዓይነቱ ሳይሆን አይቀርም።

እሷ ሊፍት ጠጋኝ ናት። በምትኖርበት ትልቅ ከተማ፣ በየፎቁ ሰው የሚያወጡና የሚያወርዱ የብረት ገመዶችን ትፈትሻለች፤ ያረጀውን ታስቀይራለች። ወደዚች የወንዝ ዳር ከተማ የመጣችው የዓመት ፈቃዷን ወስዳ ነው። ለመዝናናት ግን አይደለም። አባቷ ልቡን ታሟል፤ ቀዶ ሕክምና ይጠብቀዋል። ሐኪሞቹ ጋ ከመግባቱ በፊት ደግሞ አንድ ነገር ማወቅ ይፈልጋል። አባቱ ነፍሰ ገዳይ ነበር ወይስ አልነበረም?

ነገሩ እንዲህ ነው። ድልድዩ ሳይሠራ በፊት ሰው ወንዙን የሚሻገረው፣ ከዳር እስከ ዳር በተወጠረ ወፍራም ገመድ እየተሳበች በምትሄድ ጀልባ ነበር። ጀልበኛው የእሷ አያት ነው። ገመዱን የሚሠራው ደግሞ በሙያው ስሙ የገነነ አንድ ገመድ ሠሪ ነበር። ሁለቱ በወጣትነታቸው አንዲት ልጅ ወደዱ። ልጅቷ ገመድ ሠሪውን አገባች፤ ጀልበኛውም ሌላ አግብቶ ወለደ፤ ነገሩ ያለፈ መሰለ። ከዚያ ወንዙ በሞላበት አንድ ቀን፣ ገመድ ሠሪው ብቻውን ጀልባዋ ላይ ሳለ፣ ገመዱ ለሁለት ሆነ። ጀልባዋም ሰውየውም በዚያው ቀሩ። ሰው ሲደርስ ጀልበኛው ምሰሶው አጠገብ ቢላ ይዞ ቆሟል። ጀልበኛ ቢላ ሳይዝ ውሎ እንደማያውቅ ያሰበ አልነበረም። «በቅናት ቆረጠው» ተባለ። እሱም አንድ ቃል አልመለሰም። ዳኛ ባይፈርድበትም ከተማው ፈረደበት፤ ሚስቱንና ሕፃን ልጁን ይዞ ወጣ፤ በሄደበትም ሳይናገር ኖሮ ሳይናገር ሞተ። ዝም አይነቅዝም ይባላል፤ የእሱ ዝምታ ግን ልጁ ሆድ ውስጥ ገብቶ ነቅዟል።

ያ ልጅ የሊፍት ጠጋኟ አባት ነው። ዕድሜውን ሙሉ «የገመድ ቆራጩ ልጅ» የሚለው ስም ተከትሎታል፤ የአገር ሰው የሌለበት ከተማ የለምና በሄደበት ሁሉ አንድ የሚያውቀው አይጠፋም። ሥራ ሲቀጠር፣ ሲያገባ፣ ቤት ሲከራይ፣ አንዱ ለአንዱ በጆሮው ሹክ ሲል ያይ ነበር። ስም ከመቃብር በላይ ይውላል የሚለውን አባባል እንደሱ የሚጠላ ሰው የለም።

አናጢው የማን የልጅ ልጅ እንደሆነ አንባቢ ገና ድሮ ገምቷል። እነሱ የደረሱበት ዘግይተው ነው። አናጢው ወዳጁን ሊያስተዋውቅ አያቱ ቤት ይዟት ሄደ፤ እናትም አባትም ሆና ያሳደገችው አያቱ ናት። አሮጊቷ ዓይኗ ደክሟል፤ ከብርሃንና ከጥላ ሌላ ብዙም አታይም። የእንግዳዋን እጅ ይዛ የጠነከረውን መዳፍ በጣቶቿ ዳበሰችው።

«ይሄ የሠራተኛ እጅ ነው፤ ወድጄዋለሁ» አለች። «የማን ልጅ ነሽ፣ ልጄ?»

ልጅቷ እውነቱን ተናገረች። አሮጊቷ እጇን ለቀቀች።

«ስማኝ» አለች ወደ አናጢው ዞራ። «እኔን ቅበረኝና የፈለግከውን አግባ። እኔ በሕይወት እያለሁ ግን የዚያ ሰው ዘር ይሄን ደፍ አይረግጥም። ሻይዋን ትጨርስና ትውጣ።»

ሻዩን አልጨረሰችውም።

*

የአናጢው ሥራ ቤት ከወንዙ ዳር ነው። ግማሽ የተሠራ ጀልባ በሁለት እንጨት ላይ ተደግፏል፤ መሬቱን ፍቅፋቂ ሸፍኖታል። እሱ ሳንቃ ይልግ ነበር። እሷ ስትገባ መላጊያውን አላስቀመጠም፤ የሚልገው ግን ቀድሞ የተላገውን ነበር።

«ጠርታሻለች» አላት።

«ማን?»

«እማዬ። ገመዱን ልታሳይሽ ነው።»

የትኛውን ገመድ እንደሆነ መጠየቅ አላስፈለጋትም። ከተማው ሁሉ የሚያውቀው ነገር ነው። በአደጋው ቀን ምሰሶው ላይ የቀረውን ቁራጭ የሟቹ ወንድሞች ለሚስቱ አምጥተውላታል፤ አሮጊቷም በነጭ ጨርቅ ጠቅልላ አልጋዋ ራስጌ ሰቅላዋለች። ለመጣ እንግዳ ሁሉ ታሳያለች። «ቢላውን እዩት» ትላለች።

«አትሂጂ» አለ አናጢው። «ልትሰድብሽ ነው የጠራችሽ። ‹ዓይኗ አይቶ፣ ከነሐፍረቷ ትሂድ› ነው ያለችው።»

«አባቴን ምን ልበለው? አፈርኩና ሳላይ ተመለስኩ ልበለው?»

«ቆርጦት ቢሆንስ?»

«ቆርጦት ከሆነ ዓይንህን ማየት አልችልም።»

«እኔ እኮ ምንም አላልኩሽም! አያትሽ ያደረገውን አንቺ ላይ የምቆጥር ሰው እመስልሻለሁ?»

«አንተ አትቆጥርም። እኔ ነኝ የምቆጥረው።»

መላጊያውን አስቀመጠ። ፀጉሯ ላይ ያረፈ ፍቅፋቂ አየና ሊያነሳላት እጁን ዘረጋ፤ ከዚያ መለሰው። ከትናንት በስቲያ ቢሆን ያነሳላት ነበር። ሁለቱም ይህን አሰቡ፤ ሁለቱንም ከፋቸው።

*

የአሮጊቷ ክፍል ጠባብና ንጹሕ ነው። አንድ አልጋ፣ ሁለት ወንበር፣ ዳንቴል የለበሰ ሬዲዮ። ወደ ወንዙ የሚከፈተው መስኮት ተዘግቷል፤ እዚያ ቤት ተከፍቶ ያየው ሰው የለም። አንዲት ጎረቤት ነጠላዋን እያስተካከለች በር ላይ ቆማለች። ልታጽናና የመጣች ትመስላለች እንጂ ወሬውን ትኩስ ትኩሱን ልታደርስ ነው የመጣችው።

አሮጊቷ ጨርቁን ፈታችና የክንድ ያህል የሚረዝመውን ገመድ ጉልበቷ ላይ አኖረችው። ጥቁር ነው፤ ሬንጁ ደርቆ እንጨት መስሏል።

«ነይ ተቀመጪ። አንቺ ገመድ ታውቂያለሽ አሉ።»

«ሥራዬ ነው፣ እማማ።»

«እንኪ። ንኪው።»

ልጅቷ ጫፉን ነካችው። ልሙጥ ነው። የተቆረጠ ዳቦ እንኳ እንደዚያ አይስተካከልም። ደጋግማ ዳበሰችው፤ የተለየ ነገር አላገኘችም። አባቷን አሰበችው፤ ስልኩን ደረቱ ላይ አስቀምጦ እንደተኛ ታያት።

«ምንድን ነው ይሄ?» አለች አሮጊቷ።

«ቢላ ነው።»

«ጮክ በይ፤ በር ላይ ያለችውም ትስማ።»

«በቢላ የተቆረጠ ነው፣ እማማ።»

ጎረቤቲቱ ከንፈሯን መጠጠች። አናጢው ግድግዳውን ተደግፎ መሬት መሬት ያያል። ነገሩ እዚህ ላይ ያለቀ ይመስል ነበር። ልጅቷ ግን እጇ ያደገበት ልማድ አለው፤ ሊፍት ቤት ውስጥ ገመድ የሚፈተሸው ከጫፍ እስከ ጫፍ ነው፤ አንዱን ጫፍ አይቶ ፈርሞ መውጣት የለም። ሳታስበው እጇ ገመዱን ይዞ ተንሸራተተ። አንድ ነገር አስተዋለች። ልሙጡ ጫፍ ቆልመም ብሏል። ትልቅ ክብ ነገር ላይ ተጠምጥሞ፣ እንደተጠመጠመ የደረቀ ገመድ ነው። እጇ ወደ ሌላኛው ጫፍ ደረሰ። እዚያ ጫፉ አይታይም፤ በቀጭን ክር፣ እየተደራረበ፣ አንድም ክፍተት ሳይኖረው ተጠምጥሞበታል።

«ይሄኛውን ጫፍ ማን አሰረው?» አለች።

«እኔ ነኛ!» አለች አሮጊቷ፤ ድምጿ ውስጥ ኩራት ነበረበት። «የዚያኑ ቀን ማታ። በገመድ ሠሪ ቤት የተበተነ ጫፍ አያድርም። ጠምጥመሽ ታስሪዋለሽ፣ ከዚያ ትተኛለሽ። አማቴ ናት ያስተማረችኝ። ባሌን ውሃ በልቶት እንኳ እጄ አልረሳውም።»

«የተበተነ ጫፍ» አለች ልጅቷ ቀስ ብላ።

ቀና ስትል ከአናጢው ጋር ዓይን ለዓይን ተጋጩ። እሱ ዓይኑን ከእሷ ወደ ገመዱ፣ ከገመዱ ወደ እሷ መለሰ። ፊቱ ተለወጠ። ዓይን ካላዩበት ግንባር ነው ይባላል፤ እሱ ይህን ገመድ ከሕፃንነቱ ጀምሮ ሲያየው የኖረ ነው። ቀስ ብሎ ራሱን ግራና ቀኝ ነቀነቀ። እንዳትናገሪ ማለቱ ነው።

ልጅቷ ገመዱን አሮጊቷ ጉልበት ላይ መለሰችው። «አየሁት፣ እማማ። ይስጥልኝ» ብላ ወጣች። ጎረቤቲቱ ከተማውን በሁለት አቅጣጫ አዳረሰችው፤ የገመድ ቆራጩ የልጅ ልጅ ቢላውን አምና አንገቷን ደፍታ ወጣች ተባለ። አንገቷን መድፋቷ እንኳ እውነት ነበር።

*

አናጢው ከድልድዩ ሥር ደረሰባት።

«ንገሪኝ» አላት። «ገብቶኛል፤ ግን ካንቺ አፍ ልስማው።»

«ልሙጡ ጫፍ የምሰሶው ነው። ቆልመም ብሎ የደረቀው እዚያ ታስሮ ስለኖረ ነው። ቋጠሮው የታለ? የለም። እንዲያ የደረቀ ቋጠሮ በእጅ አይፈታም፤ ስለዚህ ወንድሞቹ ሲያወርዱት በቢላ ቆርጠውታል፤ የትኛው የማን ቁርጥ እንደሆነ የጠየቃቸው ያለም አይመስለኝም። ሰው ሁሉ ሲያይ የኖረው የእነሱን ቢላ ነው። የወንዙ ጫፍ ሌላኛው ነው። እሱ ተበትኖ ስለነበር አያትህ አሰሩት። በቢላ የተቆረጠ ይሄው ሳይታሰር ስንት ዘመን አልተበተነም። የሚበተነው የተበጠሰ ነው።»

«ማን በጠሰው ታዲያ?»

«ማንም። ከውስጥ በስብሶ ይመስለኛል። እርጥብ ገመድ ላይ ሬንጅ ከቀቡበት ውጪው ያምራል፣ ውስጡ ይበሰብሳል። ክሩን ፈትቶ ማየት ነው።»

አናጢው ወደ ውሃው ዞረ።

«እማዬ ምን እያለች እንዳሳደገችኝ ታውቂያለሽ? ‹ከባሌ እጅ የወጣ ገመድ ተበጥሶ አያውቅም።› ስተኛም ስነሳም እሱኑ ነው የምሰማው። ፎቶ እንኳ የላትም። ያላት እሱ ነው፤ የባሏ እጅ። ያን ክር ብትፈቺው ባሏን ደግመሽ ነው የምትገይባት።»

«የኔ አባትስ? እሱ ምን አለው?»

«አውቃለሁ።»

«አታውቅም! አንተን ‹የባለሙያው የልጅ ልጅ› ነው የሚሉህ። የኔን አባት የሚሉትን አንተ አልሰማኸውም።»

ሰው ሲጨንቀው ያላሰበውን ይናገራል። አናጢውም ተናገረ።

«እስቲ ልጠይቅሽ። በዚህ ወንዝ ዳር ከእኔ ጋር ስትሄጂ የነበረው እኔን ብለሽ ነው? ወይስ ገመዱ ጋ የሚያደርስሽ ሰው ስለሆንኩ ነው?»

ቢመታት ይሻላት ነበር።

«በሩን ስትሠራ ማን እንደሆንክ አላወቅኩም» አለች በመጨረሻ። «ዘይት ነው የሚያስፈልገው አልኩህ። ያን ቀን ነው የወደድኩህ፤ ሳትከራከር ዘይት ፍለጋ ስትሄድ። ይሄን ካላመንክ የምጨምርልህ ማስረጃ የለኝም።»

«ይቅርታ። ይቅር በይኝ፤ አፌ ነው።»

«አፍህ ያንተ ነው።»

ጎን ለጎን ቆሙ። ከላያቸው መኪና ሲያልፍ ድልድዩ ያጉረመርማል።

«አንድ ነገር ብቻ አልገባኝም» አለች፤ ድምጿ ዝግ ብሎ ነበር። «አያቴ እዚያው ቆሞ ነበር። ሲበጠስ አይቷል። ጫፉንም አይቷል። አንዲት ቃል፣ ‹ተበጠሰ› ብሎ ቢናገር ስሙ ይነጻ ነበር። ምን ዘጋው?»

«ሰው አያምነውማ።»

«ባያምነውስ! ለልጁ እንኳ አልተናገረም እኮ።»

አናጢው መልሱን ያውቀው ነበር። ሊናገረው ግን ከበደው፤ ምክንያቱም እሱም ያን ቀን ጠዋት ራሱን ግራና ቀኝ የነቀነቀው በዚያው ምክንያት ነበር።

«ስለወደዳት ይሆናል» አለ። «ባልሽን የገደለው የገዛ እጁ ነው ብሎ መንገር አልቻለም። እኔን ትጥላኝ፣ ባሏን ግን ትውደድ ብሎ።»

«ወደዳት!» አለች። እንባዋ መጣ፤ የመጣው ከንዴት ነው። «በጣም ጥሩ! እሷን ወደዳት። አባቴንስ ማን ይውደደው?»

ትታው ሄደች። ሊከተላት አንድ እግሩን አነሳ፤ ከዚያ ምን እንደሚላት ስላላወቀ እዚያው ቆመ። የእሷን ጀርባ እያየ፣ ይህች ሴት ከተማውን ለቃ ብትሄድ ጀልባ መሥራት እንኳ ምን እንደሚያደርግለት አልታይህ አለው።

*

ማታ አባቷ ደወለ። «አየሽው?» አላት። «ገና ነኝ» አለችው። በሕይወቷ አባቷን ዋሽታው አታውቅም። ስልኩን ከዘጋች በኋላ አልጋዋ ላይ ተቀምጣ ራሷን ታዘበች። ሲያናድዳት የኖረው የአያቷ ዝምታ አሁን እሷ አፍ ውስጥ ነበር። በጣም የከፋት ደግሞ ነገሩ የገባት መሆኑ ነው። ያን ጫፍ ብትፈታው ሠርጓን የሚከለክል አይኖርም፤ አሮጊቷ ልትጠላት የምትችልበት ምክንያት አብሮ ይፈታል። ግን ያቺን ሴት፣ «እጄ አልረሳውም» ስትል የኮራችውን ኩራት፣ ሰምታዋለች። በዚያ ላይ የሚገነባ ትዳር አልፈለገችም። ልብሷን ወደ ሻንጣዋ መለሰች። በጠዋቱ አውቶቡስ ልትሄድ ወሰነች፤ ሰውየውን ወደደችው፣ ተወችው፤ ሁለቱም በአንድ የዓመት ፈቃድ ውስጥ ሆነ።

ጠዋት ሻንጣዋን ይዛ ወደ ማረፊያው ግቢ ስትወርድ አሮጊቷ አግዳሚ ወንበር ላይ ተቀምጣለች። አናጢው ከጀርባዋ ቆሟል። ፊቱ የተኛ ሰው ፊት አይደለም። ነጩ ጥቅል አሮጊቷ ጉልበት ላይ ነው።

«እኔ አንድ ቃል አልነገርኳትም» አለ አናጢው ቶሎ ብሎ። «‹ውሰደኝ› አለች፤ አመጣኋት።»

«አንተ ዝም በል» አለች አያቱ። «አንቺ ነይ። ትናንት ጫፉን ማን አሰረው ብለሽ ጠየቅሽኝ።»

«አዎ፣ እማማ።»

«እኔ ቤት ያልመጣ ሰው የለም። ሁሉም ቁርጡን ዳብሶ፣ ከንፈሩን መጥጦ ይሄዳል። ያኛውን ጫፍ የጠየቀኝ የለም። አንቺ ለምን ጠየቅሽኝ?»

«እንዲሁ ነው። የሥራ ልማድ ሆኖብኝ።»

«እንዲሁ የሚጠይቅ ሰው ድምፁ እንደዚያ አይሆንም። ሌሊቱን ሙሉ ድምፅሽ ጆሮዬ ላይ ነበር። ‹የተበተነ ጫፍ› አልሽ። አልሽ አይደለም?»

ልጅቷ አናጢውን አየችው። ዛሬ ራሱን አልነቀነቀም። ዝም ብሎ አያት፤ ያሻሽን አድርጊ የሚል ዓይን ነበር።

«ይተዉት፣ እማማ» አለች። «ጠቅልለው ወደ ቦታው ይመልሱት። እኔ አሁን በአውቶቡስ እሄዳለሁ። ከዚህ በኋላ ማንም አይጠይቅዎትም።»

«አባትሽስ? ሊያውቅ ይፈልጋል አሉ።»

«አልደረስኩበትም እለዋለሁ።»

«አባትሽን ትዋሺዋለሽ? ለማን ብለሽ?»

ልጅቷ መልስ ፈለገች። ከእውነቱ በቀር አላገኘችም።

«ባልዎ ናቸው፣ እማማ» አለች። «ሌላ እንደሌለዎት አውቃለሁ።»

አሮጊቷ ፊቷን ወደ ድምፁ አዞረች። ከዚያ «አሁን የማን ልጅ እንደሆንሽ ገባኝ» አለች።

ጥቅሉን ፈታች። ልሙጡን ጫፍ ሳትነካ ሌላኛውን ያዘች። የክሩን መቋጠሪያ ያለ ዓይን አገኘችው፤ ያሰረው እጅ ነው የሚፈታው። ክሩ አርጅቷል፤ እየተበጣጠሰ ቀሚሷ ላይ ወደቀ። የመጨረሻው ዙር ሲለቅ ጫፉ ተከፈተ። አንዱ ዘለላ ረጅም፣ አንዱ አጭር፣ አንዱ እንደ ጭራ የሳሳ። አሮጊቷ ጣቷን ወደ መሃል አስገባች። መሃሉ ዱቄት ነው። በአውራ ጣቷና በሌባ ጣቷ አሸችው፤ አሽታ አሸተተችው።

«ይሄ ጫፍ ቢላ አያውቅም» አለች።

ዱቄቱን ከጣቷ ላይ አራገፈች።

«ማታውን ደጄ መጥቶ ነበር» አለች፤ ለማን እንደምትናገር አይታወቅም። «ያ ሰው። አያትሽ። በሩ ላይ ቆመ። ሊነግረኝ ነው የመጣው፤ አሁን ገባኝ። እኔ ይሄን ጫፍ ጉልበቴ ላይ አድርጌ ክር እጠመጥም ነበር። እጄን አየ። ከዚያ እኔን አየኝ። ‹ነፍሰ ገዳይ› ብዬ ጮህኩበት፤ ‹ባሌን በቅናት በላኸው› ብዬ። ቆሞ ሰማኝ፣ ሰማኝና ሄደ። እየነገርኩት እኮ ነው የሄደው! አንዲት ቃል ሳይመልስ!»

አናጢው ሊይዛት ጎንበስ አለ። አልፈለገችም። ገመዱን በሁለት እጇ ጨብጣ ፊቷን ወደ ገመዱ አዞረች፤ ድምጿም ተለወጠ። ያ ከሳሽ ድምጿ ጠፍቶ የአንዲት ወጣት ሚስት ድምፅ ወጣ።

«አንተ! እርጥብ ነው፣ ይደር አላልኩህም? ፀሐይ ይምታው አላልኩህም? ‹ሰው ይጠብቀኛል፣ ሬንጁን አምጪ› ትለኛለህ! ያን ጊዜስ አላልኩህም? መቼ ነው አንተ የምትሰማኝ? መቼ ነው? ችኩል! በገዛ እጅህ! ልጅ አዝለህ... ልጅ አሳዝለኸኝ ትሄዳለህ? አንተ የማትሰማ ሰው!»

እንዲህ እያለች ገመዱን ደረቷ ላይ አድርጋ ጮኻ አለቀሰች። በቀብሩ ቀን እንዲህ ያላለቀሰች ሴት ናት፤ ያን ቀን ሬሳ አልነበረም፣ የነበረው የሚጠላ ሰው ብቻ ነው። ከዚያም ወዲህ ጥላቻው ሥራ ሆኖባት ስለ ባሏ ለማልቀስ ጊዜ አላገኘችም። አናጢው ከፊቷ ተንበርክኮ ጉልበቷን ይዟል። የማረፊያው ሰዎች በየበሩ ወጥተው ምን እንደሆነ ሳያውቁ ያያሉ።

የልጅቷ ስልክ ጮኸ። አባቷ ነው። አላነሳውም ብላ አሰበች፤ ከዚያ አነሳችው።

«ሄደሽ አየሽው?» አላት። ሰላምታ እንኳ ረስቷል።

«አየሁት፣ አባባ። አልቆረጠውም።»

«እ?»

«አያቴ አልቆረጠውም። ገመዱ ራሱ ነው የተበጠሰው። በዓይኔ አይቼዋለሁ፤ ይኸው ፊቴ ነው ያለው።»

ከወዲያ ትንፋሹ ብቻ ይመጣል፣ ይሄዳል። ፈራች፤ ልቡን አሰበች።

«አባባ? አለህ?»

«አለሁ» አለ። ጉሮሮውን ጠረገ። አንድ ትልቅ ነገር ሊናገር የፈለገ መሰለ፤ ቃሉ ግን አልመጣለትም። በመጨረሻ የተናገረው ሌላ ነገር ነው። «ማናት እንደዚህ የምታለቅሰው? እዚያ ቤት ሰው ሞቷል እንዴ?»

ልጅቷ አሮጊቷን አየቻት። ከዚያ በእንባ መሃል ቀና ብሎ የሚያያትን አናጢ አየችው።

«አያቴ ናቸው» አለች።

እንዴት እንዳመለጣት አታውቅም። ካመለጣት በኋላ ግን ቃሉን መመለስ አልፈለገችም።